የመልካ ሮባ መዝጊያ

በአዲስ አበባ ባልና ሚስት በአንድ ሰዓት መተኛት የሀብታም ነገር ከሆነ ቆይቷል። ራኬብና ምንተስኖት ሀብታም አይደሉም። ስለዚህ ራኬብ ሌሊት ትተኛለች፤ ምንተስኖት ጠዋት ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያው አልጋ ላይ አንድ የማያውቁት ሰው ይተኛል። ስለ ሰውየው የሚያውቁት ነገር ቢኖር ትራሱ ላይ ትቶት የሚሄደውን የፀጉር ቅባት ሽታ ብቻ ነው። አልጋው የአንድ ሰው ነው፤ ከግድግዳ ውስጥ እንደ መሳቢያ ይሳባል፤ ፈረቃው ሲያልቅ ደወል ይደወልና ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ የተኛው ሰው ወረደ አልወረደ ግድ የለውም። አከራዩ ድርጅት ባልና ሚስት ናቸው ብሎ የዋለላቸው ውለታ ፈረቃቸውን አከታትሎ መስጠት ነው። ምንተስኖት ሲገባ አልጋው ገና ከእሷ ሙቀት አልበረደም። ጎረቤቶቻቸው በዚህ ይቀኑባቸዋል።

ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያወሩት ወሬ በፈረቃ መለዋወጫዋ ሩብ ሰዓት ውስጥ ያወሩት ነው፤ እሷ ፀጉሯን እያበጠረች፣ እሱ ጫማውን እያወለቀ። ልጅ እንውለድ የሚለውም ጉዳይ እዚያችው ሩብ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ ደወሉ አቋርጦታል። ስለ መልካ ሮባም የተመካከሩት እንዲሁ ነበር።

«ሦስት ክፍል» አለች ራኬብ ማበጠሪያውን በጥርሷ ነክሳ። «ግቢ አለው። ፓፓያ አለው። ኪራዩ ለዚህ መሳቢያ ከምንከፍለው ሲሶ አይሞላም።»

«ሥራስ?»

«ሥራ የለም።»

«ሌባስ?»

«ሌባማ አለ። ከተማዋ ካርታው ላይ ቀይ ናት።»

ምንተስኖት አንድ እግር ጫማውን ይዞ አሰበ። «ሌባ ካለ የሚሰረቅ ነገር አለ ማለት ነዋ» አለ።

«ትቀልዳለህ? የምሬን ነው እኮ!»

«እኔ እንጃ፣ ራኪዬ። እንቅልፌ መጥቷል።» ደወሉ ጮኸ፤ ምንተስኖትም ልብሱን አውልቆ ሳይጨርስ አልጋው ላይ ወጣ።

ያኔ ከተማ ሁሉ በወንጀሉ ልክ የሚሰጠው ቀለም ነበረው። አረንጓዴ ከተማ ፋብሪካ ይመጣለታል። ቢጫ ከተማ ባቡር ይቆምለታል። ቀይ ከተማ ሲደርስ ግን ባቡሩ ፍጥነት ጨምሮ ያልፋል፤ ተሳፋሪውም መስኮቱን ይዘጋል። መልካ ሮባ አዋሽ ዳር ያለች ከተማ ናት። አንድ ጊዜ የልብስ ፋብሪካ መንደር ነበረች፤ ኋላ የስፌት መኪናው ራሱ መስፋት ሲለምድ ሰፊዎቹ ተበተኑ፤ ፋብሪካውም ሌላ ቦታ ሄደ፤ ቤቶቹ ቀሩ። አዲስ ገቢዎች በቤቱ ርካሽነት ተስበው ይመጣሉ፤ ሳምንት ሳይሞላቸው ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ይመለሳሉ። «ተዘረፍን» ይላሉ፤ ዝርዝሩን የሚጠይቃቸው የለም።

ነገሩን ከባድ ያደረገው የሁለቱ እንጀራ ነው። ምንተስኖት ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ መልካ ሮባ ውስጥ ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ቢኖር የውኃ ታንከር ነው። ራኬብ ወረፋ ያዥ ናት። ለሐኪም፣ ለዳቦ፣ ለመታወቂያ፣ ለሌላ ወረፋ ለመመዝገብ ለሚያዝ ወረፋ ሳይቀር ጊዜ ለሌላቸው ሰዎች ትቆማለች። በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀ ነው። ዝናብ ቢሆን፣ ግፊያ ቢሆን፣ ሆዷን ቢቆርጣት፣ አንዴ የያዘችውን ቦታ ለቃ አታውቅም። «ራኬብ ከቆመች ቆመች ነው» ይሏታል፤ እሷም ይህ ሲባል ደስ ይላታል። ወዳጄ፣ ሰው የሚኮራበት ነገር መቼም አያጣም።

በመጨረሻ ፈቃድ ጠየቁ። አልጋው እስከ ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊጠብቃቸው ቃል ገባ። እስከዚያ አይተው ይወስናሉ፦ ወይ ከነሥራው መሳቢያው፣ ወይ ከነሌባው ቤቱ። አልጋው አንዴ ከተለቀቀ ተመልሶ እንደማይገኝ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሰኞ ከዋናው መንገድ ወርደው ሹፌር ያለው ባጃጅ አገኙ። ሰው ሲነዳ አይተው ስለማያውቁ ራኬብ መንገዱን ሙሉ የባሏን ክንድ ጨምድዳ ይዛ ነበር። ቤቱ ግን እንደተባለው ነው። ሦስት ክፍል፣ ሰፊ ግቢ፣ ፓፓያው እንኳ ፍሬ ይዟል። የእንጨት መዝጊያው ወፍራም ነው፤ ራኬብ ደጋግማ ከፈተችው፣ ዘጋችው። እንዲህ ያለ የራሷ መዝጊያ ኖሯት አያውቅም። ዘግታው ስትስቅ ምንተስኖት ከውጪ ቀርቶ «ኧረ ክፈቺልኝ!» ይላል።

አልጋውም የሁለት ሰው ነው። ምን ዋጋ አለው! ጠባብ አልጋ የለመዱ ሰዎች ናቸውና ሁለቱም መሃሉን ያዙ፤ ሲጋፉ፣ ሲሳሳቁ ቆይተው ራኬብ ተኛች። ምንተስኖት ግን ዐይኑን እንዳፈጠጠ ነጋ፤ ልክ እሷ ስትነሣ እሱ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ። ማክሰኞም እንደዚያው። ሰውየው መልካ ሮባ መጣ እንጂ እንቅልፉ አዲስ አበባ ቀርቷል። ራኬብን ከፋት። ለዚህ አልነበረም የመጣችው።

ረቡዕ ጠዋት እሱ ተኝቶ እሷ ሥራ ፍለጋ ወጣች። ዳቦ ቤት ሄደች፤ አንድም የተሰለፈ ሰው የለም። ከልማድ ተነሥታ ከደጁ ራቅ ብላ ቆመች። ጋጋሪው ብቅ አለና «ምነው እኅቴ፣ የምትጠብቂው ሰው አለ?» አላት። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ሐኪሟ ራሷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች፤ ራኬብን ስታይ ደስ ብሏት ተነሣችና «ግቢ፣ ግቢ! ምንሽን አመመሽ?» አለች። ምንም እንዳላመማት ስትነግራት ሐኪሟን ቅር አላት። ባንክ ቤቱ፣ ቀበሌው፣ ወፍጮው፣ ሁሉም ባዶ። ራኬብ ፀሐይ ላይ ቆማ «ወይ ጉድ! ሰው ተራ የማይጠብቅበት አገር ምን በልቼ ልኖር ነው?» አለች።

ስትመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቃት። ቤቱ አለ፤ መዝጊያው የለም። ከነማጠፊያው ተነቅሎ፣ በሩ እንደ ድድ ባዶውን ቀርቷል። ራኬብ ክው አለች። ሮጣ ስትገባ ዕቃቸው ሁሉ በቦታው ነው፤ ምንተስኖትም በቦታው ነው፤ እያንኮራፋ ነው።

«ምንቴ! ተነሥ! ተሰርቀናል!»

«ተራዬ ደረሰ?» አለ ዐይኑን ሳይገልጥ።

«መዝጊያው የለም! ሰው መዝጊያ ሲነቀል እንዴት ይተኛል?»

ምንተስኖት ተነሥቶ ተቀመጠ። «ሕልም መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው ‹ቀስ በሉ፣ እንዳትቀሰቅሱት› ሲል ሰምቻለሁ።»

«እና ምን አልክ?»

«አመሰገንኩት መሰለኝ።»

ራኬብ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አንድ ነገር አየች፤ ባሏ ላይ አንድ ነጭ ጋቢ ተደርቧል። «ይሄ ጋቢ የማን ነው?» አለች። ሁለቱም አገላብጠው አዩት። የእነሱ አይደለም። ባዶ በር ነፋስ ያስገባልና አንድ ሰው እንዳይበርደው ብሎ አልብሶታል፤ ራኬብ ግን በንዴት ላይ ስለነበረች ሌባው ረስቶት ሄደ ብላ ደመደመች።

ልታመለክት አደባባዩ ላይ ወዳለው የጸጥታ ምሰሶ ሮጠች፤ የከተማዋን ወንጀል የሚመዘግብ፣ የሚናገር ምሰሶ ነው። ድምፁ የዜና አንባቢ ድምፅ ነው።

«ምን ጠፋ?»

«የቤቴ መዝጊያ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አልጠፋም። አንድ ጋቢ ተጨምሯል።»

«የተጨመረ አይመዘገብም። መልካ ሮባ፤ የዛሬ ወንጀል፦ አንድ። የቀኑ ሂሳብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። አይዞሽ፣ እኅቴ።»

ያ «አይዞሽ» አስለቀሳት። ተመልሳ ሻንጣ መክተት ጀመረች። ሥራ የለም፤ ሌባ አለ፤ ባሏም ቢሆን ቀን ነው የሚተኛው። ታዲያ ምን ቀረ? ፓፓያው? ምንተስኖት ልብሱን ያቀብላታል፤ ግን በባዶው በር ወደ ግቢው ያያል። «ማታ ማታ ስትተኚ ሳይሽ አደርኩ» አላት በመጨረሻ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ተኝተሽ አይቼሽ አላውቅም ነበር። አፍሽን ከፍተሽ ነው የምትተኚው።» ራኬብ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ሻንጣው ግን ተዘጋ።

«ቤቶች! ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሚያንኳኩት መዝጊያ የለም እንጂ ሊያንኳኩ እጃቸውን አንሥተው ነበር። ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ ወፍራም፣ ፈገግተኛ፤ የመንደሩ ዕድር ሰብሳቢ አዴ ሎሚ እንደሆኑ ነገሯቸው። «በሉ እንጂ፤ ሰው ሁሉ እናንተን ይጠብቃል፤ ምግቡ ሊቀዘቅዝ...» ብለው ሻንጣውን ሲያዩ ፊታቸው ወረደ። «አይ! እናንተም? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች! ድግስ ሲደገስላችሁ ለምን ትሸሻላችሁ?»

«የምን ድግስ፣ አዴ?» አለች ራኬብ። «እኛ ተዘርፈን ነው የምንሄደው።»

«ማን ነው የዘረፋችሁ? በመልካ ሮባ? በሉ መጀመሪያ ብሉ፣ ሌባውን ከበላችሁ በኋላ እንፈልገዋለን» ብለው ክንዷን ይዘው ጎተቷት። እምቢ የሚባሉ ሴት አይደሉም።

ከሁለት ቤት ባሻገር ሰፊ ግቢ ውስጥ የመንደሩ ሰው ተሰብስቧል። ጨጨብሳ አለ፤ ጭኮ አለ፤ ዱባ ወጥ በየድስቱ ይተናል፤ የተጠበሰው የአዋሽ ዓሣ ተከምሯል። መሃል ላይ ረጅም ገበታ ተዘርግቷል። አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ፣ ምንተስኖትን ሲያዩ «በረደህ እንዴ ልጄ? ጋቢዬ ደረሰችልህ?» አሉት።

ራኬብ ወደ ገበታው ቀረበች። ከጭኮው ሳህን ሥር አንድ ማጠፊያ ወጣ ብሏል። እጇን ሰዳ እንጨቱን ነካችው። ሰኞ ስትከፍተውና ስትዘጋው የዋለችው ወፍራም መዝጊያ ነው።

«አዴ» አለች እጇን ከእንጨቱ ሳታነሣ፣ «የኔ መዝጊያ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ገበታ ነዋ!» አሉ አዴ ሎሚ። «ፋብሪካው የሄደ ጊዜ፣ በክፉው ጊዜ፣ ጠረጴዛ ወንበሩን ሸጠን በላን። መዝጊያ ብቻ ቀረን። አዲስ ሰው ሲመጣ መዝጊያውን ነቅለን እሱው ላይ እንበላለን፤ ማታ መልሰን እንገጥምለታለን። አብሮን እስኪበላ ድረስ ቤቱ አይዘጋም። ወጋችን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አለ?»

«ለምን አልነገራችሁንም?»

«ድግስ እንዴት ይነገራል? ደስታው ይበላሻል እንጂ!»

«አዴ፣ እኔ እኮ ለምሰሶው አመልክቻለሁ። ሌባ ገባ ብዬ።»

ጋሽ ሽብሩ የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ። «ከአንቺ በፊት የመጡትስ?» አሉ ቀስ ብለው። «እነዚያ ድግሱን ጥለው የሄዱትስ? እነሱም...»

«እነሱም አመልክተው ነዋ የሄዱት» አለ ምንተስኖት።

አዴ ሎሚ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ለዓመታት ቀይ የተባልነው ለምንድን ነው ሲሉ፣ ማን ማንን እንደሚሰርቅ ሲጠያየቁ፣ ምሰሶው ተበላሽቷል ብለው ሠሪ ሊያስመጡ ሲያዋጡ ኖረዋል። ሌቦቹ ለካ እነሱው ናቸው። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ሽብሩ ነበሩ። «እኔ ነኝ ሌባው! ጋቢ አልባሹ ሌባ እኔ ነኝ!» ሲሉ ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ የሚስቀውም የሚያለቅሰውም አንድ ላይ ሆነ።

ወዲያው ግን አዴ ሎሚ እጃቸውን አነሡ። «ሳቁ ይብቃ። የዚህ ወር ሂሳብ ንጹሕ ሆኖ ካለፈ ቢጫ እንሆናለን፤ ባቡር ይቆምልናል። እስከ ዛሬ ጠዋት ንጹሕ ነበር። አቤቱታው ይነሣል ወይስ አይነሣም?»

ምሰሶውን የሚያውቁት ሁሉ ሕጉን ነገሯት፤ የጠፋው ንብረት ከነባለቤቱ ምሰሶው ፊት በአካል ይቀርባል። ፀሐይዋ ደግሞ አዘቅዝቃለች። ገበታው ላይ ያለው ምግብ ተነሥቶ የት ይቀመጥ? ሌላ ገበታ የለም፤ በሌላ ሰው መዝጊያ ላይ መብላት ደግሞ ወጉ አይፈቅድም። መሬት ላይ እንዳይባል ነውር ነው።

«ከነምግቡ አንሡት!» አሉ አዴ ሎሚ።

ስንት ሰው እንደተሸከመው የቆጠረ የለም። መዝጊያው ከነዓሣው፣ ከነጭኮው፣ ከነዱባ ወጡ ከመሬት ተነሣ። ወዲያው አንዱ ጫፍ ዘመመና ድስቱ ተንሸራተተ። ያኔ ምንተስኖት ከፊት ዘሎ ቆመ። ሕይወቱን ሙሉ ሲሠራ የኖረው ሳይዘም የሚወጣ ሳጥን አይደል! «ግራ ዝቅ! ጋሽ ሽብሩ፣ እርስዎ ከፍ ያድርጉ! ቀጥ! ቀጥ!» እያለ በቁልቁለቱ ወሰዳቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋጋሪው ዳቦ ቤቱን ትቶ ተቀላቀለ፤ ሐኪሟም የቆሰለ ሰው ይኖራል ብላ ቦርሳዋን ይዛ ከኋላ ሮጠች። ራኬብ ከፊት ከፊት ትሮጣለች፤ ነጠላዋ የት እንደወደቀ አታውቅም።

«ይኸው! ይኸው መዝጊያዬ!» አለች ምሰሶው ፊት ቆማ።

ምሰሶው መዝጊያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በብርሃን ቃኘው። «ንብረቱ ላይ ዓሣ አለ» አለ።

«የተጨመረ አይመዘገብም ብለህ የለም?»

«ልክ ነው። ንብረት ተገኝቷል። መልካ ሮባ፤ የዛሬ ወንጀል፦ ዜሮ።» ከላይ አናቱ ላይ የነበረው መብራት ሲጠፋ ሲበራ ቆይቶ ቀይነቱን ተወ። ገና ቢጫ አልሆነም፤ ግን ቀይ አልነበረም። እዚያው አደባባዩ ላይ ገበታው ወረደ፤ በሉ።

ራኬብ ግን እየበላች ሌላ ነገር ታስባለች። «አዴ፣ የቀደሙት ሰዎች መዝጊያ የት ነው?»

«በዕድሩ ዕቃ ቤት ነዋ፣ ከድንኳኑ ጋር። ባለቤቶቹ ይመለሱ ይሆናል ብለን በጨርቅ ጠቅልለን።»

ራኬብ ተነሥታ ምሰሶውን ለቀደሙት አመልካቾች ሁሉ መልእክት እንዲያደርስላት ጠየቀችው። ራሷ ተናገረች፦ «መዝጊያችሁ ተገኝቷል። ሌባው ሊጋብዛችሁ ፈልጎ ነበር። ቅዳሜ ኑ፤ ምግብ አለ።»

ሐሙስና ዓርብ የመጣ የለም፤ መቅረት መሄዳቸው ገና ስላልተወሰነ የራኬብና የምንተስኖት መዝጊያም ከአደባባዩ ተነሥቶ አልተገጠመም። ሁለቱም ቀን ምንተስኖት ከጋሽ ሽብሩ ጋር ማጠፊያ ሲቀባ፣ የዛገ ብሎን ሲፈታ ዋለ፤ የመንደሩን የውኃ መሳቢያም «ይሄ እኮ ሊፍት ነው፣ የሚያወጣው ውኃ ሆነ እንጂ» ብሎ ከፍቶ አየው፤ አዴ ሎሚም «ከጠገንከው ከዕድሩ ደመወዝ ይቆረጥልሃል» አሉት። ራኬብ ግን በልቧ ቅዳሜን ትፈራለች።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ባጃጅ መጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ከነአቧራው። የወረዱት ሰዎች ዐይን ዐይናቸውን እየተያዩ፣ ግማሾቹ አፍረው፣ ግማሾቹ ሊጣሉ ተዘጋጅተው ነበር፤ አዴ ሎሚ ግን አንገታቸውን እያቀፉ መዝጊያቸውን አስረከቧቸው። አቤቱታው በአካል ካልሆነ አይነሣምና ሁሉም ወደ አደባባዩ ሄዱ። ራኬብ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ እያንዳንዱ መዝጊያውን አቁሞ እንደያዘ፣ ከምሰሶው ጀምሮ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ወረፋ ተሠርቷል።

«ወረፋ!» አለች። እንዲህ የወደደችው ነገር የለም። መሃል ላይ ሁለት ሴቶች «እኔ ነኝ የቀደምኩ» እየተባባሉ ሊጣሉ ነው፤ ምሰሶው ግራ ገብቶታል፤ የመልካ ሮባ ሰው ደግሞ ወረፋ እንዴት እንደሚሠራ ፈጽሞ ረስቶታል። ራኬብ እጅጌዋን ሰበሰበች። እርጉዟን ወደ ፊት አመጣች፤ ሽማግሌዎቹን መዝጊያቸው ላይ አስቀመጠች፤ ለሁለቱ ሴቶች ተራቸውን ለየች። አዴ ሎሚ አፋቸውን ይዘው ያያሉ። «ይቺ ልጅ ትቅር!» አሉ ጮክ ብለው። «ሰኞ ደግሞ ቤት ፈላጊ ይመጣል። ማን ሊያስተናግደው ነው? እሷ እንጂ!»

ጆሮዋ ውስጥ ባለችው ትንሽ ስልክ ደወል የጮኸው ያኔ ነው። ያንን ደወል በእንቅልፏም ታውቀዋለች።

«አልጋዎ እየጠበቀዎት ነው» አለ ከአዲስ አበባ የመጣው የሴት ድምፅ። «ሰዓቱ ሊሞላ ነው። ይመለሳሉ ወይስ ቦታዎን ይለቃሉ?»

ራኬብ ነገሩን አመዛዘነች። መልካ ሮባ ገና ቢጫ እንኳ አልሆነችም፤ ቃል የተገባላትም ሥራ የአንዲት አሮጊት ቃል ነው። ዞር ብላ ባሏን ፈለገችው። ምንተስኖት ወረፋው ጫፍ ላይ የራሳቸውን መዝጊያ ተደግፎ ቆሟል፤ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነው፤ አፉን በሰፊው ከፍቶ ያዛጋል። በጠራራ ፀሐይ አይደለም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ያዛጋው፤ እንደ ሰው ሁሉ።

«ለተረኛው ስጪው» አለች።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም።»

«ቦታውን ለቅቄያለሁ። ለተረኛው ስጪው!»

ምንተስኖት ቀና አለ። «ማን ነው?»

«አልጋው።»

«እና አንቺ ቦታ ለቀቅሽ? ራኬብ?» ተጠግቶ ፊቷን አየ። እየሳቀች ነው፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። በቅባት እጁ ሊጠርግላት ሲል ጉንጯን አጠቆረው። ከዚያ መዝጊያውን በአንድ ወገን አነሣና ሌላውን ጫፍ እንድትይዝ በአገጩ ጠቆማት።

«በይ ያዢ፤ ሳይመሽ እንግጠመው» አለ። «እንቅልፌ መጥቷል።»

«የኔም መጥቷል» አለች ራኬብ። መዝጊያቸውን በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ቤታቸው ወጡ፤ ደወል የሚባል ነገርም አልጮኸም።